የቈሰለው አይሮፕላንና አምሳያው

ጥር 24 ቀን 1935 ዓ.ም. ሰኞ፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1943 መሆኑ ነው፥ በሰሐራ ምድረ በዳ ዳርቻ ካለችው ከአልጄርያ ከተማ ከቢስክራ የተነሡ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች ወደ ቱኒዝያ ጠረፍ ሄደው፥ የጀርመንና የጣልያን ጦር ስንቁንና መሣሪያውን የሚያራግፍበትን ወደብ ደብድበው ሲመለሱ የጀርመን ተዋጊ አይሮፕላኖች ገጠሟቸው። ከቦምብ ጣዮቹ አንዱ «ኦል አሜሪካን» የሚል ስም የተሰጠው ነበረ፤ ትርጓሜውም «ሁለንተናው አሜሪካዊ» እንደ ማለት ነው። ነጂው ሌተናንት ኬንድሪክ ብራግ ሲሆን ከርሱ ጋራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩበት። አንዱ የጀርመን ተዋጊ ፊት ለፊት እየተኰሰ መጣና፥ ተገልብጦ ከሥር ያልፋል ሲባል ሳይገለበጥ ቀረ፤ ነጂው በዚያች ቅጽበት በጥይት ተመትቶ እንደ ነበረ ይገመታል። ክንፉም የቦምብ ጣዩን የኋላ ወገብ ሰንጥቆት አለፈ፤ የግራውን አግዳሚ የጅራት ክንፍ ፈጽሞ ነቅሎ ወሰደው። ተዋጊው ራሱ ተሰባብሮ ወደቀ፤ ከስባሪውም አንዳንዱ በቦምብ ጣዩ ቍስል ውስጥ ተሰክቶ ቀረ።

ጅራቱ ሊለይ ጥቂት የቀረው ይህ አይሮፕላን ከነዐሥሩ ሰዎች ወደ ቢስክራ ተመልሶ በደኅና ዐረፈ። ጓደኞቹ አይሮፕላኖች ከጠላት ተዋጊዎች ክልል እስኪወጣ ድረስ ከጎኑ አልተለዩም ነበርና፥ በአንደኛው ላይ የነበረ መንገድ መሪ በአየር ላይ እንዳለ ፎቶግራፍ አነሣው። ካረፈ በኋላም ሰዎች ቍስሉን ከብበው ሲመለከቱ ሌሎች ፎቶግራፎች ተነሥተዋል። የአየሩ ሥዕል ከዚያ ጦርነት ከቀሩት ፎቶግራፎች እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆኖ ኖሯል። በአሜሪካና በአውሮፓም ይህን ሥዕል ፊት ለፊታቸው አቁመው፥ ወራት አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ፈጅተው፥ የዚያን አይሮፕላን ትንሽ አምሳያ ከነቍስሉ የሠሩ ሰዎች አሉ። ነገሩን ከሩቅ የሚያየው ሰው የልጅ መጫወቻ ይለዋል። ቀርቦ የመረመረው ግን ሥራቸው ታሪክ ከመጻፍ ጋራ የሚዛመድ መሆኑን ያገኘዋል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የአይሮፕላን አምሳያ መሥራት ብዙ ዕድሜ ያለው ጥበብ አይደለም፤ አይሮፕላኑም ራሱ ከ1903 ወዲህ የመጣ ነው። በ1932 በለንደን ጄምስ ሄይ ስቲቨንስ የሚባል ሰው ንድፋቸውን ያወጣላቸው «ስካይበርድስ» የተባሉ የእንጨት አምሳያዎች ለገበያ ቀረቡ። መጠናቸው ከእውነተኛው አይሮፕላን 72 ጊዜ ያነሰ ነበረ። ይህም ቍጥር እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይምሰል፤ ቁመቱ ስድስት ጫማ የሆነ ሰው በ72 ሲካፈል ልክ አንድ ኢንች ይሆናልና፥ በእንግሊዞች ስፍር ለሚለካ ሰው የሚመች ቍጥር ነው። በ1936 ደግሞ በዚሁ መጠን ከፕላስቲክ የተሠሩት «ፍሮግ ፔንግዊን» የተባሉት ተከተሉ። ጦርነቱ አሜሪካን በያዘ ጊዜ፥ በ1942 መጀመሪያ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ፍራንክ ኖክስ የአገሩ ተማሪዎች 500,000 የአይሮፕላን አምሳያ ከእንጨት ጠርበው እንዲያቀርቡ ጠየቀ። ይህም ወታደሮች የወዳጅን አይሮፕላን ከጠላት በቅርጹ ለይተው እንዲያውቁ ለማስተማር ነበረ። አንድ አምሳያ በ35 ጫማ ርቀት ሲሰቀል፥ እውነተኛው አይሮፕላን በግማሽ ማይል ያህል ርቀት በሰማይ ሲሄድ የሚታየውን ያህል ሆኖ ይታያል። ሁሉም በጥቍር ቀለም ይቀቡ ነበር፤ የሚፈለገው ቅርጹ እንጂ ሌላው አልነበረምና።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ የጤነኛ አይሮፕላን አምሳያዎች ናቸው፤ የጤነኛውም አምሳያ ውስጡ ድፍን እንጨት ቢሆን የሚነቅፈው የለም። ጠራቢው መሮውንና ሞረዱን ይዞ፥ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፥ ውጫዊ መልኩን ካስተካከለ ሥራው ተፈጸመ። ቍስል የገባበትን አይሮፕላን በዚህ መንገድ መሥራት ግን አይቻልም። በተቀደደው ቈርቈሮ በኩል ዐይን ወደ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም እንጨት ቢያገኝ ሁሉ ነገር ሐሰት ይሆንበታል። የቅኔ ተማሪ ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ሰሙ ያልተነካ እንደ ሆነ ወርቁ እንደ ተሸሸገ ይኖራል፥ ሰሙ በተሰበረበት በኩል ግን ወርቅ ከሌለ ቅኔው ባዶ ነው። ስለዚህ የቈሰለ አይሮፕላን አምሳያ የሚሠራ ሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሠራል። አስቀድሞ አጥንቱን ያቆማል፥ ቀጥሎ ጅማቱን ይዘረጋል፥ በመጨረሻም ቆዳውን ያለብሳል፤ ካለበሰ በኋላ ደግሞ መልሶ ይቀደዋል።

«ኦል አሜሪካን» ቢ 17 ኤፍ ከሚባለው ዐይነት ነበረ። ይህን አይሮፕላን ቦይንግ የተባለው ኩባንያ ንድፉን አውጥቶለት፥ ሁሉም ዐይነቱ ተደምሮ 12,731 ተሠርቷል። የክንፉ ስፋት 31.62 ሜትር፥ ርዝመቱ 22.78 ሜትር ሲሆን አራት ሞተር አለው። ወገቡ ድቡልቡል ነው፤ በውስጡ ክብ የሆኑ የጎድን አጥንቶች በተራ ቆመውበታል፥ በነዚያም ላይ በቁመት የሚሄዱ ቀጫጭን ዘንጎች ተጋድመዋል፥ በላያቸውም የአልሙኒየም ቈርቈሮ በብዙ ሺህ የሪቬት ምስማር ተመትቶ ለብሷቸዋል። ኃይሉን የሚሸከመው አጥንቱ ብቻ አይደለም፤ ቆዳውም ከአጥንቱ ጋራ አብሮ ይሸከማል። ይህ አሠራር ባይሆን ኖሮ ያ አይሮፕላን ከነጅራቱ ባልተመለሰ ነበር፤ በአንድ በኩል አጥንቱና ቆዳው ሲቈረጥ ሸክሙ ሳይቈረጥ ወደ ቀረው ወደ ሌላው ጎን ተሻገረና ያም ጎን ቻለው። ከነጂው እጅና እግር እስከ ጅራቱ የሚደርሱት የመሪ ሽቦዎችም በዚሁ በኋላው ወገብ ውስጥ ያልፋሉ። ስለዚህ አምሳያ ሠሪው የትኛው ሽቦ ተበጥሶ እንደ ተንጠለጠለ፥ የትኛው ሳይበጠስ እንደ ቀረ ማሰብ ግዴታ ይሆንበታል፤ አይሮፕላኑ ወደ ምድር የተመለሰው በቀረው ነውና።

አሁን ወደ መጠኑ ጉዳይ ስንመለስ፥ የዚህ ሥራ ጭንቅ ሁሉ ያለው በዚያ ነው። አምሳያው ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ ይሁን ቢባል፥ ክንፉ 66 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ርዝመቱም 47 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ በጠረጴዛ ላይ የሚያምር መጠን ነው። ነገር ግን የእውነተኛው አይሮፕላን ቆዳ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ እርሱ በ48 ሲካፈል የአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ እጅ ግድም ይሆናል፥ ከሰው ጠጕር ይቀጥናል ማለት ነው። በሣጥን ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የፕላስቲክ አምሳያ ግን ግድግዳው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ያም ወደ እውነተኛው መጠን ሲመለስ አምስት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሆናል። ጤነኛ ሆኖ ሲታይ ይህን ማንም አያውቅበትም። በምላጭ ቀዶ ቍስል ያወጣበት ጊዜ ግን የአይሮፕላን ቆዳ ሳይሆን የምሽግ ግንብ የተሰበረ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። የጦፈ ምስማር ይዞ ፕላስቲኩን እየበሳ፥ ጥቀርሻ እየቀባ፥ «ይህ የጥይት ቍስል ነው» የሚል ሠሪ ሞልቷል፤ እንዲህ ያለው ሰው አይሮፕላን አላቈሰለም፥ ፕላስቲክ አበላሸ እንጂ።

ብልኆቹ ስለዚህ የተዘጋጀውን ሣጥን ትተው፥ ወይም ቍስል ያለበትን ክፍል ብቻ ቈርጠው ጥለው፥ ያንን ከባዶ ይሠሩታል። እንግሊዛዊው ሃሪ ውድማን በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ከስስ የፕላስቲክ ሉሕ የአይሮፕላን አምሳያ እንዴት እንደሚሠራ በሰፊው አስተምሯል፤ ከርሱም በኋላ ብዙዎች በዚህ መንገድ ሄደዋል። ሉሑን በእሳት አሙቆ በእንጨት ቅርጽ ላይ በመሳብ ድቡልቡል ማድረግ ይቻላል። የጎድን አጥንቶቹ አንድ ባንድ ከሉሕ ይቈረጣሉ፤ ክብደታቸውን ለመቀነስ በእውነተኛው ላይ የተበሱት ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ይበሳሉ። ቆዳው ግን ከፕላስቲክ አይሆንም፤ ለወጥ ቤት ከሚያገለግለው ስስ የአልሙኒየም ወረቀት ይሆናል። እርሱም በእሳት ነበልባል ላይ ትንሽ ሲያልፍ ይለሰልሳል፤ ከለሰለሰም በኋላ በአጥንቶቹ ላይ ሲጫኑት አጥንቱ ከሥር ጎልቶ ይታያል፥ በወረንጦ ሲቀድዱትም እንደ እውነተኛው ቈርቈሮ ይቀደዳል፥ ይጠማዘዛል። ሙጫውን ማብዛት አይገባም፤ ሙጫ የበዛበት ቈርቈሮ አይጠማዘዝምና። ብረትን የሚመስል ብዙ ነገር አለ፥ የተቀደደ ብረትን የሚመስለው ግን የተቀደደ ብረት ብቻ ነው።

የእጅ ሥራው ይህን ያህል ከሆነ፥ ከእጅ ሥራው በፊት ያለው ምርመራ ይበልጣል። የጤነኛ ቢ 17 አምሳያ የሚሠራ ሰው የፋብሪካውን ንድፍ ያገላብጣል፤ ከዚያም አልፎ በዴይተን ከተማ ባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ቤተ መዘክር ከ2018 ጀምሮ ለሕዝብ የቆመውን፥ «ሜምፊስ ቤል» የተባለውን የዚያኑ ዐይነት ቦምብ ጣይ ሄዶ ማየት ይችላል። ቍስል ግን ንድፍ የለውም። በፋብሪካ አልተሠራም፤ በአንድ ቅጽበት፥ በአንድ ስፍራ፥ በሁለት ሰዎች መገናኘት የሆነ ነገር ነው፥ ዳግመኛም አልተደገመም። ለርሱ ምስክር የሚሆኑት ጥቂቶቹ ፎቶግራፎችና በውስጡ የነበሩት ሰዎች ቃል ብቻ ናቸው። አምሳያ ሠሪውም ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር እየመረመረ፥ የጎድን አጥንቶቹን ከንድፉ እየቈጠረ፥ ቅዱ ከስንተኛው ጀምሮ በስንተኛው እንዳበቃ ይወስናል። ከብርሃኑና ከጥላው የቅዱን ጥልቀት ይገምታል።

ከሁሉ ይልቅ የቈርቈሮው አጠማዘዝ ይናገራል። ጥይት ሲገባ የቀዳዳው ከንፈር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፥ ሲወጣ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ክንፍ ሲሰነጥቅም ቈርቈሮውን ወደ ሄደበት አቅጣጫ ይጐትተዋል። ተዋጊው ከፊት መጥቶ ወደ ኋላ ስላለፈ የቅዱ ከንፈሮች ይህን መከተል አለባቸው። በዚህ አቅጣጫ የተሳሳተ ሠሪ፥ ሥራው የቱን ያህል ያማረ ቢሆን፥ ጀርመናዊው ከኋላ መጣ ብሎ የሐሰት ምስክርነት ሰጥቷል። በቍስሉ ውስጥ ተሰክቶ የቀረው የተዋጊው ስባሪም አይረሳም፤ እርሱ የሌላ አገር ብረት ነው፥ ቀለሙም ሌላ ነው። ስለ ቀለም ከተነሣ አይቀር፥ የአሜሪካው አይሮፕላን ከላይ የደፈረሰ የወይራ ቅጠል፥ ከታች ደግሞ አመድ የመሰለ ቀለም ነበረው፤ የኋላው ወገብ ውስጡ ግን በአብዛኛው ቀለም ያልተቀባ ራቁት አልሙኒየም ነበር። ብዙ ሠሪዎች የውስጥ ነገር ሁሉ አረንጓዴ ይመስላቸውና ይህንን አረንጓዴ ይቀቡታል። እንዲህ ሲሆን የቍስሉ ብልጭታ ይጠፋል፤ በጨለመው ወይራ መካከል ነጩ ብረት ሲያበራ ነው ቅዱ ትኵስ መሆኑ የሚታወቀው።

አሁን ደግሞ ስለ ወሬው። ይህ ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ በዝቷል፥ ተጨማምሯል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያወራው አይሮፕላኑ ከቱኒዝያ ተነሥቶ ባሕሩንና ፈረንሳይን ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ አገር እንደ ተመለሰ ነው። ይህ ከ1,500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጉዞ ነው፤ ጅራቱ የተንጠለጠለ አይሮፕላን በጠላት ምድር ላይ ይህን ሁሉ ሄደ ማለት ለሰሚው ደስ ቢያሰኝም አልሆነም። የስሕተቱ ምንጭ ምናልባት ይህ ይሆናል፤ አይሮፕላኑ የነበረበት 97ኛው የቦምብ ጣዮች ጓድ በ1942 በእንግሊዝ አገር ተቀምጦ ይዋጋ ነበር፥ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ግን ወደ አልጄርያ ተሻግሯል። እንግዲህ አምሳያ ሠሪው በዚህ መካከል ይፈረድበታል። አምሳያውን ካረፈ በኋላ እንደ ነበረ አድርጎ ሊያቆመው ቢፈልግ፥ ከጎማዎቹ ሥር ምን ያነጥፋል? ወሬውን የተቀበለ ለምለም የእንግሊዝ ሣር ያነጥፋል፤ ታሪኩን የመረመረ የቢስክራን አሸዋና አቧራ ይበትናል። ሳይናገር፥ ሳይጽፍ፥ በአንድ እፍኝ አሸዋ እውነቱን ወይም ሐሰቱን ይመሰክራል። ሰዎቹ ጅራቱን በጃንጥላ ገመድ ጠፍረው ይዘውት መጡ የሚልም ወሬ አለ። ይህን የሰማ አንዳንድ ሠሪ በቍስሉ ውስጥ ክር ይዘረጋል፤ ፎቶግራፉ ግን ይህን አያሳይም። የአንድን ጎን አጥንትና ቆዳ በገዛ እጁ የሠራ ሰው፥ ያን ክብደት ምን እንደ ተሸከመው ለማወቅ የገመድ ተረት አያስፈልገውም። ዐሥር ሰዎች በእውነት የተረፉበት ነገር ላይ የፈጠራ ጌጥ መጨመር ለነርሱ ክብር አይሆንም።

ከዚህ ጋራ አንድ የማይመች ነገር ማንሣት ይገባል። በዚያው በ1943 በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለጦርነቱ የሚሠራ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ነበረ። ከነርሱም አንዱ ከኦስትርያ የተሰደደው አብርሃም ዋልድ፥ ተመትተው ከተመለሱ አይሮፕላኖች ቍስል ተነሥቶ የአይሮፕላን የትኛው ክፍል ይበልጥ ለጥፋት የተጋለጠ መሆኑን እንዴት መገመት እንደሚቻል በሒሳብ አሳየ። የሐሳቡ ሥር ይህ ነው፤ በተመለሱት ላይ የሚታየው ቍስል፥ ተመትቶም መመለስ የሚቻልበትን ስፍራ ያመለክታል። የተመለሱት ቍስል የማይታይባቸው ስፍራ ግን ምናልባት የተመታው ሁሉ ያልተመለሰበት ስፍራ ነው። (ይህ ሊቅ ራሱ በ1950 ወደ ሕንድ አገር ሄዶ ሳለ በአይሮፕላን አደጋ ሞተ።) ይህን ያነበበ ሰው በቈሰሉ አይሮፕላኖች አምሳያ የተሞላውን መደርደሪያ ሲያይ ዐይኑ ወደ ሌለው ነገር ይሄዳል። ፎቶግራፍ የተነሡት የተመለሱት ናቸው፤ አምሳያ የተሠራላቸውም ፎቶግራፍ የተነሡት ናቸው። ባሕር የዋጣቸውና በአየር ላይ የተቃጠሉት ግን የሚያሳያቸው ሥዕል ስለሌለ ማንም አይሠራቸውም። ከ«ኦል አሜሪካን» ጋራ የተጋጨው ተዋጊም ከነዚያ አንዱ ነው፤ ከርሱ የሚሠራው በሌላው ቍስል ውስጥ የቀረው ስባሪ ብቻ ነው።

ስለማይታየው ወገን የሠሪዎቹ ልማድ ሁለት ዐይነት ነው። አንዳንዶቹ ፎቶግራፍ ያላሳየውን ጎን በግምት ይሞሉታል፥ ጥይትም ይበሱበታል። ሌሎቹ ግን ያላዩትን አይቀድዱም፤ በዚያ በኩል አምሳያውን ጤነኛ አድርገው ይተዉታል፥ ወይም ያ ጎን እንዳይታይ አድርገው ያቆሙታል። ሁለተኞቹ ይሻላሉ።

አይሮፕላኑ በቢስክራ ቆሞ አልቀረም። ጅራቱ ተጠግኖ፥ አዲስ ቈርቈሮ ለብሶ፥ ወደ ሌላ ጓድ ተዛውሮ እንደ ገና አገለገለ። በማርች ወር 1945፥ ጦርነቱ በአውሮፓ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው፥ ዕቃው ለሌሎች እንዲውል ተፈታትቶ ቀረ። የሚበዛውን ዕድሜውን የኖረው እንግዲህ ከመቍሰሉ በፊትና ከተጠገነ በኋላ ነው፤ በነዚያ ጊዜያት ከሌሎቹ ቢ 17 ኤፎች ለይቶ የሚያሳየው ነገር ጥቂት ነበረ። ሠሪዎቹ ግን የተጠገነውን መሥራት አይፈልጉም። ከቱኒዝያ እስከ ቢስክራ ባለው መንገድ ላይ የነበረውን፥ ጅራቱ በአንድ ጎን ቈርቈሮ የተያዘውን፥ ጭራ ተኳሹ ገና ከኋላ የተቀመጠበትን ይሠራሉ፤ ለዚህም ከወረንጦው ጫፍ ላይ አንድ የጎድን አጥንት ይዘው ፎቶግራፉን ደግመው ያዩታል።